ዳጉሳው የረጠበበት ጠዋት

ወዳጆቼ፣ ፍርሃት ቤታችሁ ገብቶ ያውቃል? የሌባውን ወይም የጅቡን ፍርሃት ማለቴ አይደለም፤ እሱስ በር ሲዘጋ ይቀላል። እኔ የምለው ጣራ ላይ የሚያድረውን ነው። አይታይ፣ አይባረር፣ ዱላ አይደርስበት። የካፕቴሮር መንደር ሰዎች ከእንዲህ ያለ ፍርሃት ጋር ልጅ ወልደው ልጅ ድረዋል። ስለዚህ ታሪካቸውን ስነግራችሁ ቶሎ አትፍረዱባቸው፤ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሐሙስ ጠዋት ነው። ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶ ገና አልተነሣም። ሽማግሌው ባርማሳይ ከትልቁ የብረት ምሰሶ ሥር ሞተው ተገኙ። በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ቀኝ እጃቸው የምሰሶውን እግር ነክቷል፤ ሁለቱም መዳፋቸው ከሰል መስሏል። ያገኛቸው መምህር ቼሲሬ ነው፣ ከዳገቱ ላይ ካለው ትምህርት ቤት። ሮጦ ወጥቶ የትምህርት ቤቱን ደወል ሲደውል አገሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወረደ። ወደ ሬሳው የቀረበ ግን አልነበረም። አንዲት ሴት «መስመሩ ሳባቸው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ልጆቹ እንኳ ማልቀስ ፈሩ።

መስመሩ የሚሉት ከታች ከግድቡ ተነሥቶ፣ ተራራውን አቋርጦ፣ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች መብራት የሚወስደውን ነው። በካፕቴሮር ጣራ ላይ ሲያልፍ ዘመን ቆጥሯል፤ በካፕቴሮር ቤት ውስጥ ግን አንድ አምፖል አብርቶ አያውቅም። ሰዉ የሚያመሸው በፋኖስ ነው። አሁን ደግሞ መስመሩን ሊያሳድጉት ነው ተባለ። አሮጌው ምሰሶ ተነቅሎ በቁመትም በጉልበትም የሚበልጠው ሊተከል፣ መንገዱም ወደ ዳገቱ ፈቀቅ ሊል። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ጭንቀቱ ያው ነው፦ ላም ያስጨነግፋል፣ ራስ ያዞራል፣ ሴት ያመክናል፤ ቀፎ የተሰቀለባቸው ዛፎች ይቆረጣሉ፤ የአባቶቻችን መቃብር ከሥሩ ሊውል ነው።

ለዚህ ሁሉ መልስ የምትሰጠው ጄሳንግ ነበረች። የአገሩ ልጅ ናት፤ ከተማ ተምራ ስትመለስ የመስመሩ ሰዎች ከሕዝቡ ጋር እንድታገናኛቸው ቀጠሯት። በስብሰባው መሐል ቆማ «መስመሩ ከሥሩ ያለፈ ሰው አይገድልም» ብላ ስትምል ሰው ሁሉ ሰምቷል።

እና አሁን ሽማግሌዎቹ ሊረግሟት ነው።

በዚያ አገር ርግማን ቀልድ አይደለም። ከሽማግሌ አፍ ከወጣ አይመለስም። የተረገመን ሰው እሳት የሚያበድረው የለም፣ እጁን የሚጨብጠው የለም፣ ርግማኑ ልጁንም የልጅ ልጁንም ይከተላል። የሚረግሙት ሟቹ ሳይቀበር ነው፤ ቀብሩ ቅዳሜ ስለሆነ ሸንጎው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሾላው ሥር ተጠራ። የጄሳንግ እናት፣ ባል የሞተባት አሮጊቷ ታፕኪገን፣ ያን ሌሊት ተንበርክካ ስትጸልይ አደረች።

መርማሪ ናሊያካ ከከተማ የደረሰችው ዓርብ በጠዋቱ ነው። ደንዳና፣ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ጫማዋ ሲጠብባት አውልቃ በእጇ ይዛ የምትሄድ። ሰው ሲያናግራት ዓይኗ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ሳይሆን እጁ ላይ ነው። መጀመሪያ ወደ ምሰሶው ሄደች። ከምሰሶው ትንሽ ራቅ ብሎ እረኞች እሳት ያነደዱበት ቦታ አለ። ጠፍቶ የቆየው አመድና ከሰል መሐሉ ላይ በእጅ የተዛቀ ይመስላል። ከዚያ ሬሳው ወዳለበት ቤት ገባች።

እዚያ የሟቹ የወንድም ልጅ ኪማዮና የሸንጎው አውራ ሽማግሌ ቼቢ ተቀምጠዋል።

«ሬሳውን ማን ነካው?»

«ማን አብዶ ይነካል!» አለ ኪማዮ። «በደረቅ ቆዳ ጠቅልለን፣ በእንጨት ቃሬዛ ነው ያመጣነው። እኔንም ይዞኝ ልቅር እንዴ?»

«የሞተ ሰው አይዝም።»

«አንቺማ መብራት ቤትሽ ስላለ ታውቂዋለሽ ማዳም። እኛ ጥላውን ብቻ ነው የምናውቀው።»

ናሊያካ የሻሿን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክራ የሟቹን መዳፍ ቀስ አድርጋ አሸችው። ኪማዮ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ጥቁሩ ለቀቀ። ከሥሩ የወጣው ያልተቃጠለ፣ ያልተላጠ፣ በሥራ የደደረ የሽማግሌ መዳፍ ነው። በመዳፉ ስንጥቆች ውስጥ ግን ቀይ ነገር ገብቷል። አሸተተችው። ከዚያ የኋላ ራሳቸውን ዳሰሰች፤ ተሰብሯል።

«ከአጎትህ ጋር ተጣልታችኋል ይላሉ።»

«ማን ያልተጣላ አለ? እኔ መስመሩ ይምጣና ለመሬቱ ካሳ ይስጡን አልኩ፤ እሳቸው ደግሞ ‹ቀፎዎቼን የት ልስቀል› አሉ። ለዚህ ሰው ይገደላል? ሐሙስ ጠዋትማ ከሚስቴ ስድብ ራሴን ሳድን ነበር። ዳጉሳው ረጥቦ አደረና ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ!»

ሽማግሌው ቼቢ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ጨረስሽ?»

«አባባ፣ ትንሽ ቢታገሡኝ፤ ሸንጎውን ለነገ ቢያደርጉት።»

«ነገ ቀብር ነው። ጥላው ከሾላው ግንድ ሲያልፍ እንጀምራለን። ልጅቷ በሁላችን ፊት ምላለች፤ መስመሩ ደግሞ በሁላችን ፊት ገድሏል። ምን ቀረ?»

ናሊያካ ወጥታ ወደ ላይ አየች። ሽቦዎቹ ከጣራ ጣራ ያልፋሉ። ከሥራቸው ያሉት ጥቂት ቤቶች ደጅ ላይ ሁሉ ሴቶች ቆዳ አንጥፈው ዳጉሳ ያገላብጣሉ፤ አየሩ የሻገተ እህል ይሸታል። ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

በታፕኪገን በር ላይ እሾህ ተጋድሟል። የመንደሩ ሰዎች ናቸው ያጋደሙት፤ «እዚህ የሚገባ ከእኛ አይደለም» ማለታቸው ነው። ናሊያካ በጫማዋ ገፋ አድርጋ ገባች። ጄሳንግ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቀያሹ ኦዲያምቦ አለ፤ ከሐይቁ ዳር አገር የመጣ ቀጭን ሰው። የመኪናውን ጎማ አስተንፍሰውበት መሄጃ አጥቷል።

«እጅሽ ምን ሆኖ ነው የቀላው?» አለች ናሊያካ።

«አንቺም ልትይኝ ነው? ውጭ ‹ደሙ ይኸው› ይሉኛል!» ጄሳንግ እጇን ከቀሚሷ ሥር ደበቀች። «ቀለም ነው። ረቡዕ ማታ የአዲሱን መንገድ ችካል ቀለም ስንቀባ ነበር። ጉሙ አላደርቅ ብሎት ትናንትም ያጣብቅ ነበር።»

«ልንገርሽ ማዳም፣ ብታምኚኝም ባታምኚኝም» አለ ኦዲያምቦ። «መስመሩ ያን ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ከረቡዕ ማታ እስከ ሐሙስ ቀትር። አሮጌዎቹን ምሰሶዎች ስንፈትሽ ነበር።»

«ለሕዝቡ ለምን አልተናገራችሁም?»

«ጠፍቷል ከተባለ ብረቱን እየፈቱ የሚሸጡ አሉ። ዝም በሉ ተባልን።»

«እኔም ዝም አልኩ» አለች ጄሳንግ። «ሰውየው ከሞቱ በኋላ ብናገር ሳቁብኝ። ‹ዛሬ ነው የምትነግሪን?› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ብሆን አላምንም ነበር። የከተማው መሥሪያ ቤት ቢመሰክርም ‹የራሳቸው ሰው ነው› ይላሉ።»

ታፕኪገን ከደጅ፣ ዳጉሳዋን እያገላበጠች፣ ሳትዞር ተናገረች።

«ውሸታም ሁሉ ቤቴ ገብቶ ሞልቷል። አዲሱ መስመር ከጣራሽ ይነሣል፣ ወደ ዳገቱ ይወጣል አላችሁኝ። እልል ብዬ ጸለይኩ። ትናንት ጠዋት ስወጣ ቀዩ ችካላችሁ ከማሳዬ ጥግ ላይ በቅሏል!»

«ኮጎ፣ እዚያ ምንም አልተከልንም» አለ ኦዲያምቦ። በዚያ አገር አሮጊት ሁሉ ኮጎ ናት።

«ዓይኔንም ልትነጥቀኝ ነው?»

ናሊያካ አጠገቧ ቁጭ ብላ ዳጉሳውን ማገላበጥ ጀመረች። «ኮጎ፣ ይኼ እንዴት ረጠበ?»

«ሁልጊዜ የሚቀሰቅሰኝ አልቀሰቀሰኝም፤ ተኝቼ ቀረሁ። ተዪው ልጄ፣ ዳጉሳ ምን ይሠራልኛል። ልጄን ነው የምትቀሰቅሺልኝ ከዚህ ቅዠት።» አንድ እፍኝ ዳጉሳ ዘገነችና መልሳ በተነችው። «አንድ ናት። ሌላ የለኝም። ከረገሟት እኔ በሕይወቴ እያለሁ ሞተችብኝ ማለት ነው።»

ናሊያካ እጇን ያዘችላትና ተነሣች።

ወደ ትምህርት ቤቱ ዳገቱን ስትወጣ በየደጁ ዳጉሳ አየች፤ የላይኞቹ ሴቶች ዳጉሳ ግን ደረቅ ነው፣ ይንኮሻኮሻል። አንዷን «የእናንተስ አልረጠበም?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ «በጉም ወራት ማን ውጭ ያሳድራል? ማታ ማታ እናስገባለን» ብላ ሳቀች።

መምህር ቼሲሬ ቤቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ላይ ነው። ንጹሕ ኮት የለበሰ፣ ድምፁ የሚያምር ሰው ነው። መስመሩን በመቃወም ከእሱ በላይ የተናገረ የለም።

«እኔ ከመጀመሪያው ጮኼ ነበር» አለ። «ሰው ካልሞተ አትሰሙም አልኩ። ይኸው።»

«ምን አዩ መምህር?»

«ወደ ምንጩ እየወረድኩ ነበር። ጉሙ የራስን እጅ አያሳይም። መስመሩ እንደ ተቆጣ ንብ ይጮሃል፣ ያን ዕለትማ ከሌላው ቀን የባሰ። ከዚያ ሰማያዊ ብልጭታ፣ ከዚያ ጧ! ስደርስ ሽማግሌው ወድቀዋል።»

«ጩኸቱ እዚህ ቤትዎ ድረስ ይሰማል?»

«የለም፣ ዳገቱ ይከልለናል። እስካሁን።»

«እስካሁን» አለች ሚስቱ ጄቢዎት፣ በቅል እርጎ ይዛ ስትመጣ። ሆዷ ገፍቷል፤ አንድ እጇ ከሆዷ ላይ አይነሣም። ከቤቱ ጀርባ፣ ከሙዙ ሥር፣ ሦስት ትናንሽ የድንጋይ ክምሮች አሉ። ናሊያካ አየቻቸው፣ ጄቢዎትም እንዳየቻቸው አየች። «ሦስቱም ሳይወለዱ ነው» አለች ጄቢዎት። «ይኼ እንዲቀርልኝ ነው የምለምነው። አዲሱ መስመር በጣራችን ላይ ነው የሚያልፈው አሉን። ሌሊት እንቅልፍ የለንም። እሱ ደግሞ ከእኔ ይብሳል።»

ደወል የሚደወልበት ሰዓት ሆኖ መምህሩ ወጣ። ናሊያካ እርጎዋን እየጠጣች ጓሮውን ተመለከተች። ጎመኑ በገመድ የተለካ ይመስል በረድፍ በረድፍ ተተክሏል። አንድ ችግኝ ብቻ ከረድፉ ወጥቶ፣ ጠውልጎ፣ አንገቱን ደፍቷል።

«ይኼን ማን ተከለው? እርስዎ አይመስሉኝም።»

ጄቢዎት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እንዴት አወቅሽ? እሱ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ጎመን ነክቶ አያውቅም። ትናንት ጠዋት ግን እንደዚያ ሆኖ መጥቶ፣ ደወሉን ደውሎ፣ እጁን በፋኖስ ጋዝ ታጥቦ፣ ጓሮ ገብቶ ጎመን ተከለልኝ። ድንጋጤ ሰውን የማያደርገው የለም።»

«በፋኖስ ጋዝ?»

«በውሃ አልለቅ ብሎት ነው» አለች። ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችውም ነበር።

ናሊያካ ቅሉን በሁለት እጇ መለሰችላት። 

ስትወርድ ኦዲያምቦን ጠርታ ከችካል ችካል አብራው ሄደች። ከማሳው ጥግ ደርሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ቀዩ ችካል ከጓደኞቹ ወጥቶ ወደ ታች፣ ወደ ታፕኪገን ቤት ተጣሟል። አሮጊቷ አልዋሸችም። ከችካሉ አጠገብ የድንጋይ ካብ አለ፤ ከካቡ እስከ ምሰሶው ሣሩ ተኝቷል፣ ከባድ ነገር የተጎተተበት ይመስላል። ናሊያካ ቀያሹን ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። መልሱን ስትሰማ ካቡ ላይ ቁጭ አለች። የራሷ ሰው የሞተባት ትመስል ነበር።

ጥላው የሾላውን ግንድ አለፈ።

ወንዶቹ በክብ ተቀመጡ። ሴቶቹ እንደ ደንቡ ራቅ ብለው፣ ዝም ብለው። በሸንጎ ሴት አትናገርም። ጄሳንግ መሐል ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ ነጠላዋን አስጥለዋታል። ሽማግሌው ቼቢ ተነሥተው ዱላቸውን ወደ እሷ ሲያነሡ ሕፃናት ፊታቸውን በእናቶቻቸው ልብስ ሸፈኑ። ታፕኪገን አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አባባ» አለች ናሊያካ። ባዶ እግሯን መሐል ገብታ ቆማለች። «ርግማን አይመለስም ይላሉ። የማይመለስ ነገር ከማድረግዎ በፊት የሚመለስ ጥያቄ ልጠይቅ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቼቢ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አልተቀመጡም።

«ጠይቂ። አጭር ይሁን።»

«መምህር ቼሲሬ፣ ያዩትን ለሸንጎው ይድገሙልኝ።»

ቼሲሬ ቆመ። ያንኑ ተናገረ፦ ጉሙ፣ እንደ ተቆጣ ንብ የሚጮኸው መስመር፣ ሰማያዊው ብልጭታ፣ ጧ የሚለው ድምፅ። ሰው ተንሾካሾከ፤ አንዱ «ጌታ ሆይ!» አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ከመስመሩ ሥር ያሉትን ሴቶች ነው የምጠይቀው።»

«ሴት በሸንጎ—» አለ ኪማዮ።

«ዳጉሳቸውን ነው የምጠይቀው፤ ዳጉሳ ይናገራል» አለችና ወደ ሴቶቹ ዞረች። «የታችኞቹም የላይኞቹም፣ ሄዳችሁ አንድ አንድ እፍኝ አምጡልኝ።»

አመጡ። ናሊያካ እፍኙን ወደ ሽማግሌዎቹ አፍንጫ አስጠጋች፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፈች። የላይኞቹ ደረቅ ነው። የታችኞቹ ሁሉ ሸቷል፤ የኪማዮ ሚስትም፣ የቼቢ ምራትም።

«በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መንደር፣ ከመስመሩ ሥር ያለው ብቻ እንዴት ረጠበ? አባባ፣ አንዷ ትመልስልኝ ዘንድ ይፍቀዱ።»

ቼቢ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ከዚያ በአገጫቸው ምልክት ሰጡ።

ታፕኪገን ተነሣች። 

«እኛ የታችኞቹ በጉም ወራትም ውጭ እናሳድራለን። ለምን ብትሉ፣ ጉም ሲመጣ ከእኛ በፊት እሱ ያውቃል።» ወደ ላይ፣ ወደ ሽቦው አመለከተች። «እምምም ብሎ ማጉረምረም ይጀምራል። ያኔ ከአልጋ እንነሣና እህሉን እናስገባለን። ስንት ዘመን እንዲህ ነው የኖርነው። እንፈራዋለን፣ ግን ዘበኛችን ነው። ረቡዕ ሌሊት ጉሙ መጣ፣ እሱ ግን ጭጭ አለ። ጠዋትም ጭጭ እንዳለ ነበር። ጆሮዬ የደነቆረ መሰለኝ።»

«ይህን ለምን እስካሁን አልተናገራችሁም?» አለች ናሊያካ።

«ስለፈራን ነዋ! ሽማግሌው ሞተው ሲገኙ፣ ትንፋሹን ይዞ ሊገድል ሲዘጋጅ ነው ዝም ያለው ተባባልን። ስሙንም መጥራት ፈራን።»

ከሴቶቹ መሐል «እውነት ነው!»፣ «የእኔም!» የሚል ድምፅ ተነሣ። የኪማዮ ሚስት «እኔን ውሸታም ስትል አልነበር?» ብላ ባሏ ላይ አፈጠጠች።

«መስመሩ በጉም የሚያጉረመርመው ኃይል ሲያልፍበት ነው» አለች ናሊያካ። «ዝም ያለው ጠፍቶ ስለነበር ነው። ጄሳንግ ነግራችኋለች፣ አላመናችኋትም፤ አልፈርድባችሁም። አሁን ግን ምስክሩ እሷ አይደለችም። ምስክሩ የገዛ እህላችሁ ነው። የጠፋ መስመር ሰው አይገድልም። ሽማግሌውን የገደለው ሰው ነው።»

ፍርሃቱ በክቡ ውስጥ ሲዞር ይታያል። እስካሁን ወደ ላይ ይፈሩ የነበሩ ሰዎች ወደ ጎን መተያየት ጀመሩ። ከፊተኛው ይህኛው ባሰ።

«መዳፋቸው አልተቃጠለም፤ የእረኞቹ ከሰል ነው የተቀባው፣ በእርጥብ ጨርቅ ለቋል። ከከሰሉ ሥር ደግሞ ያልደረቀ የችካል ቀለም ነበር። ሽማግሌው ከመሞታቸው በፊት ችካል ጨብጠዋል።»

«ችካል የቀባችው እሷ አይደለችም?» አለ አንድ ድምፅ። «እጇን እዩ!»

«እሷና ኦዲያምቦ መስመሩ መጥፋቱን ያውቁ ነበር። በጠፋ መስመር ሥር በመብራት የሞተ አስመስሎ ማን ሬሳ ያዘጋጃል? ያዘጋጀው ያላወቀ ሰው ነው። ከታች የሚኖር ቢሆን ደግሞ ዝምታውን ይሰማ ነበር። ስለዚህ ከላይ ነው፣ ጩኸቱ ከማይደርስበት። ይጮኻል ሲባል ብቻ የሰማ፣ ስለዚህም በዚያ ጠዋት ሳይጮህ ጮኸ ያለ።»

ማንም ወደ ቼሲሬ ለመዞር አልደፈረም። እሱ ቆሞ ቀርቷል፤ መቀመጥ ረስቷል።

«ከትክክለኛው ቦታ የተነቀለ ችካል የታፕኪገን ማሳ ጥግ ላይ ተተክሏል። የተነቀለበት ጉድጓድ የት ሄደ? በአንድ ጓሮ ውስጥ፣ በገመድ ከተለካ የጎመን ረድፍ መሐል፣ ከረድፉ የወጣ አንድ ችግኝ አለ። ሐሙስ ጠዋት፣ ጎመን ተክሎ የማያውቅ ሰው፣ በውሃ አልለቅ ያለውን እጁን በጋዝ ታጥቦ የተከለው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አንቱታውንም ተወች። «ቼሲሬ፣ ቆፍሬ ላሳያቸው ወይስ ትነግራቸዋለህ?»

ከሴቶቹ በኩል አንድ ትንሽ ድምፅ ተሰማ። ጄቢዎት ናት። የተናገረችው ለመርማሪዋ እንደ ነበር፣ የተናገረችው ምን እንደ ነበር፣ ያኔ ነው የገባት።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ ቼሲሬ። ያ የሚያምር ድምፁ ጠፍቷል። «ሦስት ቀብሬያለሁ። አራተኛውን በዚያ ነገር ሥር ላስወልድ? ኮጎ ታፕኪገን መቼም ለምዳዋለች፣ ልጇንም ወልዳ ጨርሳለች አልኩ። ችካሉን ነቅዬ ስተክል ሽማግሌው ቀፎ ሊያዩ ሲመጡ ከጉሙ ውስጥ ወጡብኝ። ችካሉን ያዙት። ‹ልጄ፣ ፍርሃትህን በመበለት ጣራ ላይ ትተክላለህ?› አሉኝ። ሳብኩት፣ ሳቡት፣ ገፋኋቸው። ካቡ ላይ ወደቁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንዲነሡ ለምኛቸው ነበር።»

«ከዚያስ? ልጅቷ ስትረገም ተቀምጠህ ልታይ ነበር?» አሉ ቼቢ።



«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች ናሊያካ። ይህን ስትናገር ማንንም ለማሸነፍ እንደማይናገር ሰው ነበረች። «ኦዲያምቦን ጠይቄዋለሁ። ችካሉ ለዓይን ምልክት ነው። ቦታው መሣሪያው ውስጥ ተይዟል። ብትነቅለውም ሰኞ መጥቶ ያው ጓሮህ ውስጥ ይተክለው ነበር።»

ቼሲሬ ወደ ቀያሹ አየ። ቀያሹ አንገቱን ደፋ። ያኔ ነው መምህሩ ሣሩ ላይ የተቀመጠው።

ሽማግሌው ቼቢ እንደገና ዱላቸውን አነሡ፣ አሁን ወደ እሱ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አብረው ተነሡ።  ጄቢዎት ሆዷን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ቀስ በቀስ እየራቁ ብቻዋን ቀረች።

ታፕኪገን ወደ እሷ ሄደች። ነጠላዋን አውልቃ ጄቢዎትን ሸፈነችና ከፊቷ ቆመች። ማንም አልፈቀደላትም።

«ዱላውን አውርድ ቼቢ።»

«ሂጂ ተቀመጪ፣ አንቺ ሴት። ሊያስረግምብሽ የነበረው ልጅሽን ነው!»

«አውቃለሁ። ከትናንት ጀምሮ ስቃጠል የነበርኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። ርግማንህ እግር አለው፤ እሱ ላይ አይቆምም፣ እዚህ ሆድ ውስጥ ይገባል። እሱን ሕግ ይውሰደው፣ ይፍረድበት። ይኼ ገና ስም የሌለው ምን አጠፋ? እኔ ዛሬ የመጣሁት ልጅ ላድን ነው። የማንም ይሁን።»

ዱላው አየር ላይ ቆየ። የሽማግሌው ክንድ ሲደክም ታየ። በመጨረሻ ዱላውን ሣር ላይ አጋደሙት። ርግማኑ ሳይባል ቀረ። ናሊያካ ቼሲሬን ክንዱን ይዛ፣ ጫማዋን በሌላ እጇ ይዛ፣ ወደ መኪናዋ ወረደች።

የመስመሩ ነገር ገና አልተቆረጠም። ሰዎቹ አሁንም ይጠይቃሉ፤ መቃብሩ፣ ቀፎው፣ የላሞቹ ነገር። ጥያቄያቸውም ጥያቄ ነው፤ መልስ ያስፈልገዋል። ጄሳንግ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አልቀበልም ብላለች፤ መስመሩ ሲጠፋም ሲመለስም ከሥሩ ለሚኖረው ሰው ሳይነገር እንዳይሆን።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ጄቢዎት ወደ ዳገቱ ቤቷ መመለስ አቃታት፤ ታፕኪገን ወደ ራሷ ቤት አስገባቻት። እሾሁን ጄሳንግ አንሥታዋለች። ጉሙ ከሸለቆው እየወጣ ሲመጣ ከጣራው በላይ እምምም የሚል ድምፅ ተሰማ። ጄቢዎት በሕይወቷ ከቅርብ ሰምታው አታውቅም። ዘላ ተነሥታ ሆዷን ያዘች።

«መጣ! ኮጎ፣ መጣ!»

«ጉም ነው የመጣው የእኔ ልጅ» አለች ታፕኪገን። «እሱም የሚነግረን ይህንኑ ነው። እኔም እፈራዋለሁ፤ አብረን እንፈራለን። አሁን ነይ፣ በዚያኛው በኩል ቆዳውን ያዥልኝ፣ ዳጉሳውን እናስገባ።»

ሁለቱም ጫፍና ጫፍ ይዘው አስገቡት።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የምለምናችሁ አንዲት ነገር ናት። ጄቢዎት ቀኗ ደርሷል። ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ ስትጸልዩ የእሷንም ስም አንሡልኝ።